በመርፌ የተጻፈ ታሪክ፤ ስለ ስኮትላንድ ታላቅ የጥልፍ ኤግዚቢሽን

ታሪክ የሚጻፈው በብዕር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የታሪክ ምንጭ ሲባል ለተማሪ በመጀመሪያ የሚታሰበው ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤ፣ የውል ሰነድና የተጓዦች መጽሐፍ ነው። በድንጋይ የተቀረጸው ቢጨመርበት እንኳ ያው ጽሕፈት ነው። ነገር ግን ክርና መርፌም ታሪክን ይዘው ለብዙ ትውልድ ሊያቆዩ እንደሚችሉ የሚያስረዱ ሥራዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ ጋላሺልስ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ከ2021 ጀምሮ የራሱ ቤት ተሠርቶለት ለሕዝብ የሚታየው ታላቁ የስኮትላንድ ጥልፍ ነው። አንድ ሺህ ያህል ሰዎች በነጻ የሠሩት፣ የአገሪቱን ታሪክ ምድሪቱ ከተፈጠረችበት ዘመን አንሥቶ እስከ እኛ ጊዜ ድረስ የሚተርክ ሥራ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደ ተጀመረና ጎብኚው ምን እንደሚያይ ከገለጽሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ለመመርመር አስቤአለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ ታሪኩን በገዛ እጁ ሲሠራው፣ ነገሥታትና ጸሐፊዎቻቸው ከተዉልን ታሪክ የተለየ ምን ይነግረናል? ምንስ ሳይነግረን ይቀራል? ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሥራው አመጣጥ

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ጥለትና ጥልፍ የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ጥለት ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ አብሮ የሚያስገባው ቀለም ነው፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። አውሮፓውያን ታፔስትሪ የሚሉት በትክክል ሲነገር የፊተኛው ዓይነት ነው፤ ማለት በሽመና የተሠራ ሥዕል ነው። የስኮትላንዱ ሥራ ታላቁ ታፔስትሪ ተብሎ ቢጠራም ከዳር እስከ ዳር ጥልፍ ነው። ይህንንም የስም መደባለቅ የወረሰው ከታወቀው ከባዩ ጨርቅ ነው።

የባዩ ጨርቅ ስሙን ያገኘው በሰሜን ፈረንሳይ ካለችው ከባዩ ከተማ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ በሄስቲንግስ ጦርነት የእንግሊዝን ንጉሥ ሃሮልድን እንዴት ድል እንዳደረገ የሚያሳይ ሲሆን፣ ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር ተጠልፏል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ያሠራው የድል አድራጊው የእናት ልጅ ጳጳሱ ኦዶ ነው ይላሉ። ያሠራው ሰው እንዲህ ሲታወቅ፣ ዓይናቸውን አፍዝዘው የሠሩት ሰዎች ስም ግን አንድም አልተገኘም። በሥዕሉ ላይ ካሉት ከ600 በላይ ሰዎች መካከል ስሟ የተጻፈላት ሴት ኤልፍጊቫ የምትባል አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም ማን እንደ ነበረች እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንግዲህ የባዩ ጨርቅ በመርፌ ቢሠራም አሳቡ የዜና መዋዕል አሳብ ነው። ባለድሉ አዘዘ፤ ስማቸው ያልታወቀ እጆች ፈጸሙ።

ከዚህ ጨርቅ በኋላ 900 ዓመት አልፎ፣ በኤድንብራ አቅራቢያ በምትገኘው በፕሬስተንፓንስ ከተማ ይህን አሠራር የሚከተል ሌላ ጥልፍ ተጀመረ። በዚያች ከተማ በ1745 ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የመንግሥቱን ጦር ድል አድርጎ ነበር። አንድሩ ክሩሚ የሚባል ሠዓሊ ንድፉን ሣለ፤ ከ200 በላይ የሆኑ ሰዎች ጠለፉት፤ 104 ሜትር ርዝመት ያለው ሥራ በ2010 ተፈጸመ። ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ይህን አይቶ፣ የአንድ ጦርነት ታሪክ እንዲህ ከተሠራ የአገሩ ሁሉ ታሪክ ለምን አይሠራም የሚል አሳብ አመጣ። ንድፉን ክሩሚ እንዲሥል፣ ታሪኩን ደግሞ የታሪክ ጸሐፊው አሊስተር ሞፋት እንዲመርጥ ተደረገ። የስፌቱን ሥራ ዶሪ ዊልኪ አስተባበረች።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። ክሩሚ የየአንዳንዱን ታሪክ ንድፍ ያወጣል፤ ንድፉም ከጨርቁና ከሱፍ ክሩ ጋር በየአውራጃው ለተቋቋሙት የጠላፊዎች ቡድኖች ይላካል። እነርሱም ማታ ማታና በዕረፍት ቀናቸው እየተሰበሰቡ፣ በአንዱ ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በአንድ ጨርቅ ዙሪያ ተቀምጠው ይሠራሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶችም አልጠፉም። አንዳንዶቹ በጥልፍ የሠለጠኑ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን መርፌ የያዙት ለዚህ ሥራ ብለው ነው። ሁሉም ሲደመር 160 ጨርቆች፣ 143 ሜትር ርዝመት፣ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ክርና ከ50,000 የማያንስ የሥራ ሰዓት እንደ ሆነ ይገመታል። በመስከረም 2013 በኤድንብራ በስኮትላንድ ፓርላማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ከዚያም በልዩ ልዩ ከተሞች ሲዘዋወር ቆይቶ በነሐሴ 2021 በጋላሺልስ ቋሚ ቤቱን አገኘ።

ጎብኚው የሚያየው

ጋላሺልስ ከኤድንብራ በስተ ደቡብ፣ በእንግሊዝ ድንበር በኩል በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ስሟ የታወቀው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ነበር። ትዊድ የሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለብዙ ዘመን ከዚህ አውራጃ እየተሠራ ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ፣ ሠራተኛውም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄደ። ስለዚህ ጥልፉ ወደዚህ ሲመጣ ለከተማይቱ ጎብኚ ይስባል፣ ሥራም ይከፍታል የሚል ተስፋ ነበረ። በሌላ በኩል የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ መዋል የለበትም ብለው አጥብቀው የተቃወሙ የአውራጃው ሰዎችም ነበሩ። የተቃዋሚዎቹም አሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ሥራ ባጣች ከተማ ስለ ሥራ የሚተርክ ጨርቅ ማንጠልጠል በእርግጥ መልስ የሚያሻው ነገር ነው።

ጎብኚው ወደ አዳራሹ ሲገባ ጨርቆቹን በዘመናቸው ተራ ተደርድረው ያገኛቸዋል። አብዛኞቹ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ናቸው። መጀመሪያ ባሕሩና ምድሪቱ፣ ከዚያም የበረዶው ዘመን፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ይመጣሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ የተጓዘው የግሪኩ መርከበኛ ፒቲያስ፣ የሮማ ጦር፣ መነኮሳቱና ቫይኪንጎቹ ተራ በተራ ያልፋሉ። ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በ1314 በባኖክበርን ያገኘው ድል፣ በ1513 ንጉሥ ጄምስ 4ኛ የሞተበት የፍሎደን ሽንፈት፣ በ1707 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ የተዋሐደችበት ውል፣ እነዚህ ሁሉ ማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ የሚያነሣቸው ናቸው። በዚህ በኩል ጥልፉ ከመጽሐፉ ብዙ አይለይም።

ልዩነቱ የሚታየው ከነገሥታቱ ጎን ለጎን በተሰጡት ቦታዎች ነው። ለአንድ ጦርነት አንድ ጨርቅ ከተሰጠ፣ ለማረሻም አንድ ጨርቅ ተሰጥቷል፤ ለሽመና፣ ለበግ ሸላቾችና ዓሣ ለሚያጸዱ ልጃገረዶችም እንዲሁ። በመጽሐፍ ቢሆን ንጉሡ ምዕራፍ፣ አራሹ የግርጌ ማስታወሻ ባገኘ ነበር። እዚህ ግን ንጉሡም አንድ ሜትር፣ አራሹም አንድ ሜትር ነው።

የሱፉ ክር

ከጨርቆቹ ብዛት የተነሣ ሁሉን መዘርዘር አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ተከትሎ መሄድ ይሻላል፤ ያም ጥልፉ ራሱ የተሠራበት ሱፍ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ የሰሜን ስኮትላንድ ደጋ ባለርስቶች፣ ከገበሬው ከሚያገኙት ግብር ይልቅ ከበግ የሚያገኙት ትርፍ እንደሚበልጥ ተረዱ። ስለዚህ ገበሬውን ከአያት ቅድመ አያቱ ቦታ እያስነሡ መሬቱን ለበግ አርቢዎች አከራዩ። ወደ ሰሜን የተነዱትም በጎች ሼቪየት የሚባሉት፣ ማለት በዚሁ በደቡቡ ድንበር ተራሮች የሚረቡት ነበሩ። በ1792 የሮስ አውራጃ ሰዎች በጎቹን ሰብስበው ከአገራቸው ለማስወጣት ሞክረው በወታደር ኃይል ተበተኑ፤ ያም ዓመት በሕዝቡ ዘንድ የበጎች ዓመት ተብሎ ቀረ። በ1814 በስትራትኔቨር ሸለቆ ቤቶች ተቃጥለው ሕዝቡ ተባረረ። ይህን ያስፈጸመው ፓትሪክ ሴላር በ1816 ፍርድ ቤት ቢቀርብም ነጻ ተለቀቀ። የተፈናቀሉት ከፊሎቹ ወደ ባሕር ዳር፣ ከፊሎቹ ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ።

ይህ መፈናቀል በጥልፉ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ የተጠለፈውም በበግ ጠጉር ክር ነው። ሕዝቡን ከመሬቱ ያስነሣው ዕቃ፣ ዛሬ የሕዝቡን መነሣት ይተርካል። በደጋው ሰው የተባረረበት በግ ደግሞ እንደ ጋላሺልስ ላሉት የቆላ ከተሞች የፋብሪካ ሥራና እንጀራ ሆነ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ጨርቆች ሲታዩ የአንዱ አውራጃ ጥፋትና የሌላው ልማት ከአንድ እንስሳ ጀርባ እንደ መጣ ጎብኚው ይገነዘባል። ይኸው በግ እንደ ገና የሚመጣው ወደ መጨረሻ ላይ ነው። በ1996 በኤድንብራ አጠገብ በሮዝሊን የምርምር ተቋም ከአንዲት የጎለመሰች በግ ሕዋስ የተፈጠረችው ዶሊም በጥልፉ ውስጥ አለች።

ከሱፉ ወደ ሌላው የእጅ ሥራ ብንሻገር ነገሩ የበለጠ ይጎላል። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ የሚያጸዱት ልጃገረዶች የዓሣ መርከቦቹን ተከትለው ከሰሜን ደሴቶች እስከ እንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይጓዙ ነበር። ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ያጸዳሉ፤ አንዷ በጨው እየነሰነሰች በበርሜል ትደረድራለች። ቢላዋው እንዳይቆርጣቸው ጣታቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ሥራ ሲፈቱም በእግራቸው እየሄዱ ሹራብ ይሠራሉ። በዳንዲ ከተማ ደግሞ ከቤንጋል በሚመጣ ቃጫ ኬሻ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ከወንድ ይልቅ ለሴት በትንሽ ደመወዝ ሥራ ስለሚሰጡ፣ ብዙ ባሎች ቤት ጠባቂ ሆነው ይውሉ ነበር። የጥልፉ ሠራተኞች ከነዚህ ብዙዎቹን ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። የሄሪንግ ልጃገረድን ጣት የሚጠልፍ ሰው የመርፌን ውጊያ በራሱ ጣት ያውቀዋልና፣ በእንዲህ ያሉት ጨርቆች ላይ የጥልፉ እውነተኛነት ከፍ ይላል ብዬ አምናለሁ።

ኀዘኑም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልቆ መርከበኞች ወደ ሉዊስ ደሴት ሲመለሱ፣ አዮሌር የምትባለው መርከብ በ1919 የአዲስ ዓመት ሌሊት ከስቶርኖዌይ ወደብ አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ280 የሚበልጡት ተሳፋሪዎች 200 ያህሉ በአገራቸው ዳርቻ፣ ቤተ ሰቦቻቸው እራት አዘጋጅተው ሲጠብቋቸው ሞቱ። በዓለም ታሪክ መጽሐፍ ይህ አደጋ አንድ መስመር አያገኝም። በጥልፉ ግን ከባኖክበርን ድል ጋር እኩል አንድ ጨርቅ አግኝቷል።

መራጩ ማን ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሕዝቡ ታሪኩን ራሱ ጻፈ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለሚመረምረው አንድ ችግር ይነሣል። በ160ው ጨርቅ ላይ ምን መሣል እንዳለበት የወሰነው ማን ነው? አሳቡን ያመጣው ደራሲ፣ ታሪኩን የመረጠው ጸሐፊና ንድፉን ያወጣው ሠዓሊ ሦስቱም የተማሩና የታወቁ ወንዶች ናቸው። አንድ ሺሁ ሰዎች ሥራውን የተቀበሉት አርእስቱ ከተመረጠ በኋላ ነው። ይህ ከሆነ ከባዩ ጨርቅ በምን ተለየ? በዚያም አንድ ትልቅ ሰው አዘዘ፤ በዚህም ጥቂት ሰዎች መረጡ፤ እጁ በሁለቱም የሌላ ነው የሚል ተከራካሪ ቢነሣ መልስ ያስፈልገዋል።

መልሱ በከፊል በጨርቁ ዳርቻ ላይ ይገኛል። ክሩሚ በንድፉ ውስጥ ሆን ብሎ ክፍት ቦታ ይተው ነበር። የስፌቱን ዓይነትና የቀለሙን አመራረጥ፣ በየጥጉ የሚገቡትንም ትንንሽ ሥዕሎች ጠላፊዎቹ ከራሳቸው እየጨመሩ የየሰፈራቸውን አበባ፣ ወፍና የሥራ መሣሪያ አስገቡበት። ስለዚህ መካከሉ የታሪክ ጸሐፊው፣ ዳርቻው የሕዝቡ ነው ማለት ይቻላል። የባዩን ጨርቅ ያየ ሰው ይህ አያስገርመውም። በዚያም በመካከል መኳንንቱ በፈረስ ሲዋጉ፣ በታችኛው ዳርቻ የሞቱት ሰዎች የጦር ልብሳቸው እየተገፈፈ ይታያል። ዳርቻው መካከሉ ያልተናገረውን ይናገራል። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለውን ሥራ ሲመረምር ዓይኑን ከመካከሉ አንሥቶ ወደ ጥጉ ማሳረፍን መልመድ አለበት።

ሁለተኛው መልስ በፊርማው ነው። የስኮትላንዱ ጥልፍ ሠራተኞች ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል፤ ብዙዎቹም የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል በጨርቁ ላይ ጠልፈዋል። የዚህ ጥቅም ምን እንደ ሆነ በአንድ ድርጊት ታየ። በመስከረም 2015 ኤግዚቢሽኑ በከርካልዲ ከተማ ሳለ የሮዝሊንን ቤተ ጸሎት የሚያሳየው ጨርቅ ተሰረቀ። ንድፉ ተቀምጧልና፣ የስፌቱም ዕውቀት በሕያዋን ሰዎች እጅ ነበረና፣ ጨርቁ እንደ ገና ተሠርቶ በ2017 በቦታው ተተካ። የባዩ ጨርቅ አንድ ክፍል እንዲህ ቢጠፋ የሠራውን ሰው ጠርቶ መተካት አይቻልም። ሠሪው የታወቀ ሥራ ከሌባም ይተርፋል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ጥልፉ በፓርላማው አዳራሽ የታየው በ2013 ነው። ያ ፓርላማ ከ1707 ጀምሮ ሳይኖር ቆይቶ በ1999 እንደ ገና የተቋቋመ ነው። በመስከረም 2014 ደግሞ ሕዝቡ ከእንግሊዝ ይለይ ወይስ አብሮ ይኑር በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ፤ 55 በመቶው አብሮ መኖርን መረጠ። ሕዝቡ ማን ነን የሚለውን ጥያቄ በሚመልስበት ሰዓት የታሪክ ጨርቅ በፊቱ ሲዘረጋ፣ ያ ሥራ ጌጥ ብቻ ሆኖ ሊቆጠር አይችልም። የትኛው ድርጊት እንደ ገባና የትኛው እንደ ቀረ መጠየቅ የዜጎች ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

የእጅ ትዝታ የማይደርስበት

ከዚህ በላይ እጅ የሚያውቀው ታሪክ እውነተኛነቱ ከፍ ይላል ብያለሁ። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። እጅ የሚያውቀው የራሱን ድካም ነው፤ የሠራው ዕቃ ከእጁ ከወጣ በኋላ የት እንደ ደረሰ አያውቅም።

ጥልፉ የተሠራበትን የጨርቅ ዓይነት እንውሰድ። በ18ኛው መቶ ዓመት የምሥራቅ ስኮትላንድ ሸማኔዎች ኦስናበርግ የሚባል ሸካራ የተልባ እግር ጨርቅ በብዛት ይሠሩ ነበር። ከዚያም ብዙው በመርከብ ተጭኖ በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ እርሻዎች ለሚሠሩት አፍሪካውያን ባሮች ልብስ ይሆን ነበር። በጨው የታሸው ሄሪንግም ለነዚሁ ባሮች ቀለብ ይላክ ነበር። የሸማኔው የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ወገብ ሕመም ሰምቶ ይሆናል፤ ጨርቁን ስለ ለበሰው ሰው ግን የሚነግረው አልነበረም። ይህ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ከአንድ ቤት የሚወረሰው ትዝታ ከዚያ ቤት ደጃፍ ስለማያልፍ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ታሪክ የሕዝቡን የእጅ ትዝታ ብቻ ከተከተለ፣ የሌላው ሕዝብ ዕዳ ከጨርቁ ውጭ ይቀራል።

ለእኛም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ንዋያተ ቅድሳት አንዱ ታቦት በኤድንብራ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀመጥ፣ ምእመናኑ ምን እንደ ሆነ ዘንግተውት ነበር። በ2001 ከቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎችም ምንነቱን እንደ ተረዱ በ2002 በፈቃዳቸው ለኢትዮጵያ መለሱ። ሰዎቹ ቅኖች እንደ ነበሩ ድርጊታቸው ይመሰክራል። ሆኖም በገዛ ቁም ሳጥናቸው ያለውን የሌላ ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የእጅ ትዝታ አልጠቀማቸውም፤ ያስፈለገው ምርመራ ነው። የታሪክ ጸሐፊ በሕዝብ ሥራ ውስጥ ቦታ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የእርሱ ተግባር ሠሪዎቹ የማያስታውሱትን ከሌላው ዳር ማምጣት ነው።

ከሌላው ዳር ያሉት ሰዎች ራሳቸው መርፌ ሲይዙ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መመልከት ይበቃል። በምሥራቅ ኬፕ፣ የኬይስካማ ወንዝ ባሕር በሚገባበት በሃምበርግ መንደር የሚኖሩ የኮሳ ሴቶች፣ ሐኪምና ሠዓሊ በሆነችው በካሮል ሆፍማየር አነሣሽነት፣ ከባዩ ጨርቅ አርአያ ወስደው ከ100 ሜትር በላይ የሆነ ጥልፍ ሠርተዋል። የተረኩትም የድል ታሪክ አይደለም። ከ1779 እስከ 1879 በየጊዜው የተደረጉትን ዘጠኝ የድንበር ጦርነቶች፣ ከብቶቻችሁን ብታርዱ አባቶቻችሁ ይነሣሉ የሚል ትንቢት ሰምተው በ1856 እና በ1857 400,000 ያህል ከብት ያረዱበትንና 40,000 ያህል ሰው በረኃብ ያለቀበትን መከራ፣ በመጨረሻም የ1994ን ምርጫ ነው። በነዚያ ጦርነቶች የስኮትላንድ ደጋ ወታደሮች ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ በዚያው አውራጃ የስኮትላንድ ሚስዮናውያን ላቭዴል የሚባለውን የታወቀ ትምህርት ቤት አቁመዋል። እንግዲህ የአንዱ አገር ወታደርና መምህር በሌላው አገር ጥልፍ ውስጥ ጎረቤቱን ያገኛል። ሁለቱን ጨርቆች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ አንዱ ያጎደለውን ከሌላው ይሞላል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በአገራችንም ታሪክ የያዘ ጨርቅ የለም ማለት አይቻልም። በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ከሐር የተሸመኑ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ነበሩ። ከነርሱም አንዱ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ በካናዳ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛል። በነርሱ ላይ ነገሥታት፣ ካህናትና ጭፍሮች በሽመና ተሥለው ይታያሉ። ሊቃውንቱ የተሣሉት ነገሥታት እነማን እንደ ሆኑ ይመረምራሉ፤ ያንን ረቂቅ ሥራ የሠሩት ሸማኔዎች ግን እንደ ባዩ ጠላፊዎች ስማቸው አልተጻፈም። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን በንቀት ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነንና፣ የስማቸው መቅረት እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ይህን ለማረም አንድ ሺህ ሰው ሰብስቦ 143 ሜትር ጨርቅ እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። የታሪክ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን ወደየአውራጃችን ስንመለስ ልንጀምረው የሚቻል ሥራ ነው። ፈታይዋን፣ ሸማኔውንና የካባ ጥልፍ ሠሪውን ስሙን፣ ከማን እንደ ተማረ፣ ምን ዓይነት ጥለት በየትኛው ዘመን እንደ ተወደደ፣ የሠራውም ለማን እንደ ተሸጠ ጠይቆ መጻፍ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ መዘንጋት የለበትም፤ ከላይ እንዳየነው የእጅ ትዝታ የሚቆመው ዕቃው ከደጅ ሲወጣ ነውና። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ፣ ከገበያ እስከ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥትም እስከ ባሕር ማዶ ሙዚየም ድረስ፣ ተከትሎ የመሄዱ ድካም የእኛ ይሆናል።